የአብሳይዋ የሕይወት ታሪክ

ስለ ብርድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በጉለሌ አለ ብዬ አላምንም፤ ይህን ስል ደግሞ አላፍርም። ሃያ ሁለት ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬያለሁ። ጋዝ ሞልቻለሁ፣ ኮምፕሬሰር ቀይሬያለሁ፣ ከፍሪዘር ግድግዳ ላይ የተጋገረ በረዶ በጣቴ ፈልቅቄ አውጥቻለሁ። በረዶ ጣት ላይ ሲጣበቅ መጀመሪያ እንደሚያቃጥል፣ ማደንዘዙ በኋላ እንደሚመጣ፣ የደነዘዘው ጣት ነፍስ ሲዘራ ደግሞ ትልቅ ሰው እንደሚያስለቅስ አውቃለሁ። ስለዚህ እኔ ሰዎችን ሰብስቤ በበረዶ ዓለም ላይ ጉዞ ልምራ ብል ማንንም ሊገርም አይገባም ነበር። ሁሉንም ገረመ፤ ከሁሉም ይልቅ ባለቤቴን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአገር የሚወጣ አንድ ደንበኛዬ ዕቃውን ሲሸጥ አሮጌ ፍሪጁን ገዛሁት፤ ውስጡ ደግሞ ረስቶት ይሁን ትቶልኝ አንድ ካርቶን አገኘሁ። በካርቶኑ ውስጥ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍና ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነበር። ደውዬ ጠየቅሁት፤ «ያንተ ይሁን» አለኝ። መጽሐፉ የጨዋታ ደንብ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። መሪው «እንዲህ ያለ ቦታ ደርሳችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እነሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ አጠራጣሪውን ነገር ዳይሱ ይቆርጣል፤ ቁጥሩ ከበዛ ይሳካል፣ ካነሰ ይከሽፋል። ልጅ ሆነን ሌባና ፖሊስ የተጫወትን ሁሉ እናውቀዋለን፤ ልዩነቱ ይኼኛው ደንብ አለው።

መዝገበ ቃላት ይዤ ስድስት ወር አነበብኩት። ከዚያ የራሴን ታሪክ በአማርኛ፣ በሁለት ደብተር ጻፍኩ። ከፀሐይዋ በጣም የራቀች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በረዶ የሆነች ዓለም አለች፤ የጠፈር መርከብ ይወድቅባታል። የተረፉት ጀግኖች አይደሉም፤ ጀማሪዎች ናቸው፤ አንድ ረዳት መካኒክ፣ አንዲት አብሳይ፣ አንዲት ልምምድ ላይ ያለች ነርስ። ጀማሪ ማለት በጨዋታው ደንብ ቶሎ የሚሞት ማለት ነው። የሦስቱም ልብስ በገመድ ከአንድ ማሞቂያ ጋር ይያያዛል፤ ማሞቂያው የሚሠራው ለአሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰው የሚኖርበት ሙቅ ጣቢያ ደግሞ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ ይርቃል። አሥራ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ እደረድራለሁ፤ አንድ ሰዓት ባለፈ ቁጥር አንዱን አነሣለሁ። ይህ የቆርኪ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። የራሴ ፈጠራ ነው፤ ዛሬም እኮራበታለሁ።

መጀመሪያ ያጫወትኳቸው ከጎሚስታ ቤት የመጡ ሦስት ጎረምሶች ነበሩ። ገና በግማሽ ሰዓት ውስጥ በማሞቂያው ተጣልተው ሦስቱም በብርድ አለቁ፤ እየሳቁ ወጡ፤ ተመልሰውም አልመጡ። ባለቤቴ ወሬውን ሰምታ «የፍሪዘር ላይ ወሬህ» የሚል ስም አወጣችለት፤ ምክንያቱም የምንጫወተው ዊንጌት ባለችው ወርክሾፔ ውስጥ፣ ሞተሩ በተቃጠለ የአይስክሬም ፍሪዘር ክዳን ላይ ነው።

ባለቤቴ የቀጨኔ ልጅ ናት፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ናት። ጸሐፊ ስል መዝገብ ብቻ የምትይዝ እንዳይመስላችሁ። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ወንበሩ በየትኛው ቅያስ እንደሚገባ የምትናገረው እሷ ናት። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክም፣ ቤተሰቡ እያለቀሰ ብዕር መያዝ ሲያቅተው፣ እሷ ትጽፋለች። እንዲህ ካለች ሴት ፊት ቆሞ «በበረዶ ዓለም ላይ መርከብ ወደቀ» ማለት ቀላል አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ እሑድ ከሰዓት የት እንደምሄድ እያወቀች አንድም ቀን «እንዴት ዋለ?» ብላኝ አታውቅም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ባለፈው ነሐሴ፣ ከጎረምሶቹ በኋላ ካገኘኋቸው ሦስት ተጫዋቾች አንዱ ሥራ አግኝቶ ሐዋሳ ሄደ። የቀሩኝ ሁለት ናቸው፤ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ የሚመጣው ሸማኔ ጓደኛዬና ከወርክሾፔ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ። ታሪኩ ደግሞ ለሦስት የተጻፈ ነው። ባለቤቴን ለመንኳት።

«አንድ ቀን እመጣለሁ» አለችኝ። «አንድ ቀን ብቻ። መሐል ላይ ተነሥቼ ከሄድኩ ግን ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ።»

እሺ አልኩ፤ ከዚያም ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። ሰፈሩ ሁሉ ቢስቅብኝ ግድ የለኝም። እሷ ግን የምኮራበትን ነገር በዓይኗ አይታ ከንቱ ነው ካለች፣ ለእኔም ከንቱ ሆነ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው ከፍሪዘሩ አጠገብ እንድትቀመጥልኝ ብቻ ነበር የምፈልገው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጣች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ ይቀጠቅጣል። የአብሳይዋን ቅጽ፣ ማንነቷ የተጻፈበትን ወረቀት፣ ሰጠኋት፤ ሸማኔው መካኒክ ሆነ፤ የባለሱቁ ልጅ ነርሷን ያዘች። ከወደቀችው መርከብ ጓዳ ስንቅ እንዲመርጡ ጠየቅኳቸው፤ ከሁሉ የሚበልጥ ኃይል የሚሰጠው የታሸገ ሥጋ ነው። ባለቤቴ «ፍልሰታ ነው» አለችና ተወችው፤ ሸማኔውም ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ «ማን እንዳረደው የት አውቄ?» አለችና እሷም ተወችው። ደረቅ ብስኩት ይዘው ወጡ። ይሄኔ ነው ደብተሬ ለእነዚህ ሰዎች እንዳልተጻፈ መጠርጠር የነበረብኝ።

ሦስት ሰዓት ተጓዙ፤ ሦስት ቆርኪ አነሣሁ። ከዚያ በደብተሬ ላይ በሁለት መስመር የተጻፈው ቦታ ደረስን፤ በበረዶ ውስጥ የተጋደመ የሞተ ሰው፣ አንገቱ ላይ የጣቢያው በር ቁልፍ። ቁልፉን ወስደው ይቀጥላሉ ብዬ ነበር።

«ቁልፉን አገኛችሁ!» አልኩ በኩራት።

«ማን ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ማን?»

«ሟቹ ነዋ።»

«የሞተ ሰው ነው በቃ።»

«መሞቱንማ አየን። የማን ልጅ ነው? ለቤተሰቡ ተነግሯል?»

ሸማኔው ከመርከቧ በወሰዱት የፓራሹት ጨርቅ እንዴት እንደሚገንዘው፣ የራሱን ጋቢ አውልቆ ክዳኑ ላይ እያጠፈ አሳየን። ልጅቷ «ጋሼ፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው? ሙስሊም ከሆነ መታጠብ አለበት» አለችኝ። ሁለቱ ተነጋገሩና፣ ስላልታወቀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጸሎት ሊያደርሱለት ተስማሙ። በረዶው እንደ ድንጋይ ነው፤ መቃብሩ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል አልኳቸው። ዘጠኝ ቆርኪ አለን፣ መንገዱ ስድስት ሰዓት ነው፣ ሦስቱ ትርፍ ነው፣ ይቆፈር አሉ።

እኔ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። «ጨዋታ እኮ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ወረቀት ላይ ያለ ሰው ነው!»

«ጨዋታ ከሆነ ምን አስቸኮለህ?»

«ደብተሩ ላይ እንዲህ አይልማ!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች፤ ብዕሬን ከእጄ ወሰደችና የአብሳይዋን ቅጽ ገልብጣ በጀርባው ለመጻፍ ተዘጋጀች። «በል ንገረኝ፤ ሰውዬው ማን ነበር?»

ደብተሬን ገለበጥኩ፤ ስለ ሟቹ ያለው ያው ሁለት መስመር ነው። ሦስቱም አፍ አፌን ያያሉ። በመጨረሻ የማውቀውን ተናገርኩ፤ «ማሞቂያ ጠጋኝ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ይኖር ነበር። መርከቧ ስትወድቅ በመስኮት አየ። የተረፈ ሰው ካለ ማሞቂያውን ልጠግንለት ብሎ ብቻውን ወጣ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሸማኔው «ለእኛ ብሎ ነዋ የሞተው» አለ። ከአፌ ከመውጣቱ በፊት እኔም አላውቀውም ነበር። ሁለት ደብተር ሙሉ ጽፌ ከዚያ የተሻለ አንድ መስመር የለኝም።

ባለቤቴ ጽፋ ስትጨርስ በቀብር ላይ በሚነበብበት ድምፅ አነበበች። «የት እንደተወለደ ባናውቅም ወዴት ይሄድ እንደነበር እናውቃለን» የሚል ነበረበት።

ቁፋሮውን ግን ዳይስ ነው የሚቆርጠው። ሸማኔው ወረወረ፤ ሦስት መጣ። መሣሪያው ተሰበረ፤ ሌላ አንድ ሰዓት ያስፈልጋል አልኩ። ያን ሰዓት ከሰጡ ትርፉ ማለቁ ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም አንድ ይጎድላቸዋል። ጥለውት እንዲሄዱ ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም።

«ግማሽ የተቆፈረ መቃብር ጥሎ የሚሄድ ሰው አለ?» አለች ባለቤቴ፤ የጠየቀችው እኔን ነው። ለመቃብሩ አራተኛውን ቆርኪ አነሣሁ።

አምስት ቆርኪ፣ ስድስት ሰዓት መንገድ። ከዚያ በኋላ ማንም አልቀለደም። እያንዳንዱን ሰዓት የማውቀውን ብርድ ሁሉ አውጥቼ ነገርኳቸው፤ መጀመሪያ ማቃጠሉን፣ ከዚያ መደንዘዙን፣ የዓይን ሽፋሽፍት እርስ በርሱ መጣበቁን። ልጅቷ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ከየሰው ፍሪዘር ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ያወጣሁት በረዶ ለዚያ ቀን የተጠራቀመ መሰለኝ። እንደዚያ ሆኜ ሠርቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ቆርኪ ሲነሣ የጣቢያው መብራት ታየ። አንድ ሰዓት ይቀራል። ክዳኑ ላይ አንድም ቆርኪ የለም።

ባለቤቴ ባዶውን ክዳን ትንሽ አየችው። «ማሞቂያው ጥርቅም ብሎ ነው የሚጠፋው? ወይስ ትንሽ ይቀረዋል?»

«ጥቂት ይቀረዋል። ለሦስት አይበቃም።»

«ለሁለትስ? አንዱ ገመዱን ቢነቅል?»

በዚህ ላይ ልዋሻት አልችልም፤ ሙያዬ ነው። ጭነት ሲቀንስ ያለው ይቆያል። «ለሁለት ይበቃል» አልኩ።

«እንግዲያው እኔ ነቀልኩ።»

ሸማኔው ተቃወመ፤ ልጅቷ «እትዬ፣ እርስዎ አይሆንም፣ እኔ ልንቀል!» አለች። ባለቤቴ ድንኳን ውስጥ ሰው ስታስቀምጥ እንደምታደርገው በእጇ ብቻ ዝም አሰኘቻቸው። ያለ ማሞቂያ አንድ ሰዓት ለመትረፍ በዳይሱ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ማምጣት አለባት። እኔ ዳይስ ደብቄ አላውቅም፤ ሁሉም እያየ ነው የሚወረወረው። ያን ቀን ግን ዳይሱ ሲያርፍ ፍሪዘሩን በጉልበቴ ትንሽ ብገፋውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከሞተች ትሄዳለች፤ ከሄደች አለቀ። ጉልበቴን ሰበሰብኩ፤ አልነካሁትም።

ወረወረች። ስድስት።

«ሞትኩ?»

«ሞትሽ» አልኩ። «ከበሩ ሃምሳ እርምጃ ላይ።»

ነጠላዋን እስክታስተካክል፣ ጃንጥላዋን እስክታነሣ ጠበቅኩ። አልተነሣችም። ሁለቱ በሟቹ ቁልፍ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ሙቀት አገኙ፤ ታሪኬ በደብተሩ ላይ እዚያ ነው የሚያልቀው። ልጅቷ ግን «ጋሼ፣ ወጥተን እናመጣታለን» አለች። ተመልሰው ወጡ፤ ተሸክመው አስገቧት። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለች ባለቤቴ። «የሕይወት ታሪኬን አንብብ እንጂ። መሪው አንተ አይደለህ?»

በሕይወቴ የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቼ አላውቅም። ቆምኩ። «አብሳይዋ በመርከብ ላይ ተወለደች...»

«ከእነማን?»

«ከደጋግ ሰዎች።»

«ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስስ? ትዘለዋለህ እንዴ?»

ሸማኔው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ዕድሜዋ ለትምህርት ሲደርስ በሚገባ ተማረች አልኩ። ለሰው የሚበላውን ሳታስቀድም በልታ አታውቅም አልኩ። ከዚያ አፌ ሳያስፈቅደኝ ቀጠለ። «ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ነበረች። ሌላው ሲያለቅስ እሷ ትጽፍ ነበር፤ የእሷን ለቅሶ ግን ያየ የለም። በቀጨኔ ዳገት ላይ ተከብሮ የተቀበረ ሰው ሁሉ የእሷ እጅ አለበት። ባሏ በየቀብሩ ከኋላ ቆሞ ይሰማት ነበር፤ በሰማት ቁጥር ደረቱ በኩራት ይነፋ ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት አብሯት ሲኖር ግን አንድ ቀን እንኳ እኮራብሻለሁ ብሏት አያውቅም።»

ዝናቡ አባርቷል። ሸማኔው ጋቢውን ያያል። ልጅቷ እኔንም ባለቤቴንም ላለማየት ዳይሱን ታገላብጣለች።

ባለቤቴ ቅጹን አንሥታ ዓይኗ አጠገብ ያዘችው። «እዚህ ላይ ያላገባች ነው የሚለው» አለች።

«አግብታለች» አልኩ።

«ጽፈህበታል እኮ፤ ያላገባች ብለህ።»

«መሪው እኔ ነኝ። አግብታለች።»

ቅጹን ቀስ ብላ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን የእድር ጸሐፊ ድምፅ ነው።

«የሕይወት ታሪኩ መጨረሻ አልተሰማም» አለች። «ቀና ብለህ አንብበው።»

ቀና ብዬ ደገምኩት።