የእኔ ጥፋት፣ የያሲን ቀይ ካርድ

ትናንት ከሰፈራችን ሜዳ የዳኛ ፊሽካ ስሰማ፣ ልጅ ሆኜ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ውስጥ የተጫወትንበት አቧራማ ሜዳ ትዝ አለኝ። በቡድናችን ውስጥ ሐበሾች እኔና ጓደኛዬ ያሲን ብቻ ነበርን። አንድ ቀን በግጥሚያ ላይ ጎል ሊገባብን ሲል ኳሷን በእጄ መለስኳት። የመዳፌ ቃጠሎ ሳይበርድ ዳኛው በያሲን ላይ ቀይ ካርድ መዘዘ።

ሮጬ ሄድኩና በዐረብኛ፣ «እሱ አይደለም፤ በእጄ የነካሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ዳኛው ሁለታችንንም አየና፣ «ሐበሻ ሁሉ አንድ ነው። ያላ፣ ይውጣ» አለኝ።

ያሲን ከሜዳው ወጣ። እኔ እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ፤ አሸነፍንም።

ቤት ስገባ ለእናቴ ነገርኳት። አል-ማንሺያ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ውላ መምጣቷ ነበር፤ ያበጠ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ሰማችኝ።

«እውነቱን መናገርህ ደግ ነው፣ ልጄ» አለች። ቀጥላም፣ «እሱ ሲወጣ አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?» አለችኝ።

ጥያቄዋ አልገባኝም። ተናግሬ የለም እንዴ ብዬ ተቆጣሁ። ዛሬ ግን የምናደደው በዳኛው ብቻ አይደለም። አብሬው መውጣት እችል ነበር።