የጋሽ ደጀኔ የቅዳሜ መንገድ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ደረጃ ስወርድ፣ ከብሎካችን ፊት ለፊት አንዲት ነጭ መኪና ኮፈኗ ተከፍቶ ቆማ ነበር። ባለቤቷ ከእኔ አንድ ፎቅ በላይ የምትኖር፣ ሜክሲኮ አንድ ባንክ ውስጥ የምትሠራ ወጣት ናት። መኪናዋ አልነሳ ብላት መካኒክ ጠርታለች። መካኒኩ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ገለበጠና አሳያት። ከሥሩ እርጎ የመሰለ ነጣ ያለ ነገር ተጋግሯል። ያረረ ዘይትና እርጥበት አንድ ላይ የተቀላቀሉበት ሽታ እኔ እስከቆምኩበት ደረጃ ድረስ መጣ። ከወዴት ወዴት እንደምትነዳ ጠየቃት፤ ከዚህ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ እዚህ፣ አለችው። «እንግዲህ መንገድ አልጠገበችም» አለና ክዳኑን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

ሰዓት ሄዶብኝ ነበር፤ ግን ቆምኩ። ያን ሽታ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ አላሸተትኩትም። የጋሽ ደጀኔ ግቢ ሽታ ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ልደታ ውስጥ፣ በጭቃ ቤቶችና በዛገ ቆርቆሮ አጥር መካከል፣ ከአክስቴ ከየሺ ጋር እኖር ነበር። ከገጠር ስመጣ ስምንት ዓመቴ ነው። አክስቴ ከመንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሻማ፣ ላምባ እንሸጣለን። ላምባውን በጣሳ የምለካው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ቤት መግባቴ «ለከርሞ» እየተባለ አሥራ ሦስት ዓመት ሞላኝ። የሱቁ መስኮት በቀጥታ የሚያየው የጋሽ ደጀኔን በር ነበር፤ ስለዚህ የማላውቀው የቤታቸው ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጋሽ ደጀኔ ከአንድ የመንግሥት ጋራዥ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ካኪ ካፖርታቸውን በሐምሌም በሚያዝያም የማያወልቁ ሰው። የጣታቸው ስንጥቅ ውስጥ የገባው ጥቁር ዘይት ሳሙና አያስለቅቀውም፤ እጃቸውን ታጥበው እንኳ ለሰላምታ የሚዘረጉት አንጓቸውን ነበር። ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። ከቆርቆሮ ዳስ ሥር ትቆማለች፤ ከላይዋ የማዳበሪያ ከረጢት ተሰፍቶ የተሠራ ልብስ ትለብሳለች።

ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ግን ረጅም፣ ሳቂታ፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው ቀድሞ የሚደርስ ሴት ነበሩ። ስኳር ነበረባቸው። የግራ እግራቸው ተረከዝ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልሽር ብላ እየሰፋች ሄደች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄደው ቁስሉን ማሳጠብና ፋሻ ማስቀየር ነበረባቸው። ለጤነኛ ሰው በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ለእሳቸው ግን ያለ መኪና የሚሆን አልነበረም። ጋሽ ደጀኔ ቮልሷን አስነስተው፣ ደግፈው አስገብተው፣ እግራቸውን በትራስ ላይ አስደግፈው ይወስዷቸዋል። የሰፈሩ ጎረምሶች «ጋሽ ደጀኔ፣ ሞተሩ ሳይነቃ ደረሱ እኮ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልዱ ትክክል መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ቀን ሳሙና ሊገዙ መጥተው፣ የቮልሷን የዘይት ክዳን ለምን በየሳምንቱ እየፈቱ እንደሚያዩት ጠየቅኳቸው። ልጅ የጠየቃቸውን ለመመለስ አይሰለቹም ነበር። ሞተር ሲነሳ ያልበዋል አሉኝ፤ ላቡ የሚደርቀው በደንብ ሲሞቅ ብቻ ነው። ሳይሞቅ ካጠፉት ውሃው ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል፤ ዘይቱ ይበላሻል፣ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ከውስጥ ይዝጋል፣ ባትሪው ለማስነሻ ያወጣውን ሳይመልስ ያድራል። አጭር መንገድ ለመኪና ቀላል የሚመስለው ለማያውቅ ነው። ስለዚህ ሌሎች ኪሎ ሜትር ቆጥረው የሚቀይሩትን ዘይት እሳቸው ወር ቆጥረው ይቀይሩ ነበር። ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ መድኃኒት ቤት የሚያስኬድ ጉዳይ ካለ ለየብቻው አይወጡም፤ ክሊኒኩ ባለበት ቀን አጠራቅመው፣ ሞተሩ አንዴ ከሞቀ በኋላ በአንድ ዙር ይጨርሱታል። ጠዋትም ቆመው ሲያሞቁ አይታዩም፤ እንዳስነሱ ቀስ ብለው ይሄዳሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ብቻቸውን ሰበታ ደርሰው ይመለሱ ነበር።

እትዬ ብርቄ አብረው አይሄዱም፤ እግራቸው ተንጠልጥሎ ሲቆይ ያብጣል። በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ይሸኟቸዋል፤ ሲመለሱም እዚያው ያገኟቸዋል። ለምን እንደሚሄዱ ባላቸው ነግረዋቸዋል፤ ለዓመታትም ጥያቄ አልነበራቸውም።

ጥያቄው የመጣው ከእኛ ቤት ነው። ይህን መደበቅ አልችልም። አክስቴ አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ የታመመች ሚስቱን በር ላይ አስቀምጦ በየሳምንቱ ሰበታ የሚሄድ ወንድ ምን እንደሚያመላልሰው ማወቅ እፈልጋለሁ አለች። አንዷ ሳቀች። ሌላዋ፣ ሞተር ሊያደርቁ ነው አሉ፣ አለቻት። «እንዴ፣ ሞተር ነው ወይስ በርበሬ፣ ሰበታ ድረስ የሚሰጣ?» አለች አክስቴ፤ ወረፋው በሙሉ ሳቀ። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም። ጨዋታ ታውቃለች፤ ጨዋታዋ ሲወደድላት ደግሞ ማቆም አታውቅም።

በሳምንቱ እኔን አብሬ እንድሄድ አዘዘችኝ። ለጋሽ ደጀኔ የነገረቻቸው ሰበታ ቲማቲም ርካሽ ስለሆነ ልጅቷ ትግዛልኝ ብላ ነው። ለእኔ የነገረችኝ ሌላ ነው፤ የገቡበትን ቤት በር ቀለም ሳይቀር ይዘሽ ነይ አለችኝ። ጋሽ ደጀኔ ትንሽ አስበው፣ ብዙ እንደማይቆሙ ነገሯትና የፊቱን በር ከፈቱልኝ።

በጦር ኃይሎች፣ በአየር ጤና አድርገን ወጣን። መኪና ውስጥ ፊት ለፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነበር። የወንበሩ ፕላስቲክ ተሰነጣጥቆ ጭኔን ይቆነጥጠኛል። ዓለም ገናን እንዳለፍን ጋሽ ደጀኔ ጣታቸውን አንስተው «አሁን ስሚው» አሉኝ። ሰማሁት፤ እስከዚያ ሲያስል የመጣው ሞተር ድምፁ ጠርቶ ወጥ ሆነ። ሰበታን ጥቂት አልፈው የባሕር ዛፍ ካለበት ሜዳ ጠርዝ ላይ አቆሙ። ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ከኋላ ያለውን የሞተሩን ክዳን ከፍተው እያዩ ቆዩ፤ ዘጉትና ተመልሰው ገቡ። ዞርን። መንገድ ዳር ቲማቲም ስገዛም ሞተሩ እየሠራ፣ እጃቸው መሪው ላይ እንደሆነ ጠበቁኝ። ልደታ ስንደርስ አጥፍተው የዘይቱን ክዳን ገለበጡ። ጠዋት ስንወጣ ነጭ ነበር፤ አሁን ጥርት ያለ ዘይት ብቻ ነው ያለበት።

ለአክስቴ ያየሁትን ነገርኳት። የትም አልገቡም አልኳት። አላመነችኝም። ከዚያ በኋላ በቦኖው የተወራው፣ ልጅቷ አብራ ሄዳ ነበር፤ ስትመለስ ግን አፏ ተለጉሟል፣ አስምለዋታል፣ የሚል ነበር። ተፈጥሮዬ ዝምታ ነው፤ ዝምታዬ ምስክር ተደርጎ ተቆጠረ። ወሬው ከእኔ በኋላ ከበፊቱ ይልቅ እውነት መሰለ።

እትዬ ብርቄ ሰሙ። ሰኞ ጋሽ ደጀኔ ቮልሷን አስነስተው ቢጠብቋቸው አልወጡም። በዚህ መኪና አልሄድም አሉ። ረቡዕ በምርኩዝ በእግራቸው ሊሞክሩ ወጥተው ከሱቃችን ሳያልፉ ተመለሱ። ዓርብም ቀሩ። ጋሽ ደጀኔ እንዲያስረዱ ጎረቤት ቢለምናቸው፣ የነገርኳት አንድ ጊዜ ነው፣ እውነት ሲደጋገም ውሸት ይመስላል፣ ብለው እምቢ አሉ። በሁለተኛው ሳምንት የክሊኒኩ ነርስ ቤት ድረስ መጥታ ቁስሉን አይታ፣ እንዲህ ከቀጠለ እግሩ ይቆረጣል፣ ያም ሕይወታቸው ከተረፈ ነው፣ ብላ ሄደች። ይህን ስትል በመስኮቱ ሰማኋት።

በማግሥቱ አክስቴ ተክለ ሃይማኖት ዕቃ ልታመጣ ስትወጣ ሱቁን ዘግቼ ተሻገርኩ። ያለ ፈቃድ ሱቅ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው። እትዬ ብርቄ አልጋ ላይ ነበሩ፤ ክፍሉ የመድኃኒትና የቁስል ሽታ ሸቶታል።

«አንቺም አብረሽ ሄድሽ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኮ ምን አየሽ?»

ከበራችን እስከ በራችን በተራ ነገርኳቸው። የወንበሩን መቆንጠጥ ሳይቀር ነገርኳቸው። ሳልጨምር ሳልቀንስ። ጣሪያውን እያዩ ሰሙኝ፤ ስጨርስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሜዳው ላይ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ ነበር?»

«አላጠፉም።»

«ቲማቲሙን ስትገዢስ?»

«ያኔም አላጠፉም።»

«ሞተር ሳያጠፋ ውሽማ ቤት የሚገባ ወንድ እስከ ዛሬ አልሰማሁም» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ደጀኔ፣ መኪናውን አስነሳ» አሉ። ጋሽ ደጀኔ ከጓሮ መጡ። ሲደግፏቸው እትዬ ብርቄ መዳፋቸውን የባላቸው ካፖርት ደረት ላይ አድርገው ትንሽ እንደቆዩ አስታውሳለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀሩም። እግራቸው ግን አልዳነም። ክረምቱ ሳይገባ ሞቱ። ሐኪሞቹ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የተነሳ ነው አላሉም፤ አይደለም ብሎ የነገረንም የለም። አክስቴ በለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ተቀመጠች። ከቦኖ ውሃ እንድቀዳ እኔን መላክ የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አርባ ቀን ቮልሷ ከዳሷ አልወጣችም። የአርባው ማግሥት ቅዳሜ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እጄን ይዛ፣ ጋሽ ደጀኔ በር ላይ ቆመች።

«ዛሬ እኛን ይውሰዱን» አለቻቸው።

«የት?»

«እርስዎ የሚሄዱበት።»

ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ የማዳበሪያ ልብሱን ገፈፉ። ባትሪው ሞቷል። ያን ጊዜ እነዚያ ሲቀልዱ የነበሩት ጎረምሶች ሳይጠሩ መጥተው ገፉ፤ አንዳቸውም አልቀለደም። ቁልቁለቱ ላይ ስትደርስ ሳል ሳል ብላ ተነሳች።

እኔ ከኋላ፣ አክስቴ ከፊት ሆነን እስከ ሜዳው ድረስ ሄድን። ጋሽ ደጀኔ ወርደው ሞተሩን እንደ ልማዳቸው አይተው ተመለሱ። አክስቴ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ የፊት ለፊቱን መስታወት እያየች ተናገረች።

«ጋሽ ደጀኔ፣ ያንን ወሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። ባሕር ዛፉን ትንሽ አዩ። «ብርቄ አምናኝ ነው የሞተችው። ሌላው ቀላል ነው።»

አክስቴ አለቀሰች። እንድክስዎ የሚፈልጉትን ይጠይቁኝ አለቻቸው። እሳቸው ማርሽ ሊያስገቡ የዘረጉትን እጅ መለሱ።

«ካሳ ካልሽ፣ ይቺን ልጅ ትምህርት ቤት አስገቢያት።»

«በአሥራ ሦስት ዓመቷ? ከሕፃን ጋር?»

«ከሕፃን ጋር» አሉ፤ መኪናዋም መዞር ጀመረች።

መስከረም ላይ ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ ሥር አልገባ ብሎ፣ ከሰባት ዓመት ልጆች መካከል እንደ ምሰሶ ተገትሬ ሀ ሁ ቆጠርኩ። አንደኛ ክፍል ያለ ዕድሜዬ የተቀመጥኩበት የመጀመሪያ ወር ከብዶኝ ነበር፤ ሁለተኛው ግን አልከበደኝም። ጋሽ ደጀኔ ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ሞቱ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ቮልሷን የወንድማቸው ልጅ ወሰዳት።

የአንደኛ ክፍሌ መጨረሻ ላይ፣ ከሁሉም ትልቋ እኔ ስለነበርኩ፣ መምህራችን የክፍሉን መዝገብ ወደ ቢሮ እንዳደርስ ሰጠችኝ። ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። ከፈትኩት። ማንበብ ከቻልኩ ብዙም አልሆነኝም፤ በጣቴ እየተከተልኩ ስሜን አገኘሁት። ከስሜ ቀጥሎ ዕድሜዬ አለ። ከዕድሜዬ ቀጥሎ አሳዳጊ የሚል ረድፍ አለ። አክስቴ ልታስመዘግበኝ ስትሄድ መጻፍ ስለማትችል ለመዝጋቢው የነገረችው በቃሏ ነው። ረድፉ ላይ የአክስቴ ስም አልነበረም። ደ ይላል። ጀ። ኔ። ደወል እስኪደወል ድረስ እዚያው ቆሜ ደግሜ ደግሜ አነበብኩት።