ሻጋታ ለማየት አውሮፕላን

የልብስ ሰፊው ልጅ ሐኪም እንደምትሆን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር። አባቷ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው እንኳ ይህን ሳይነግር አይለቅም። መምህሮቿ ደግሞ ዐይኗን ከመጽሐፍ ላይ ስለማትነቅል ጉጉት ይሏታል። ስለዚህ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ለክረምት ወደ ውጭ አገር ቤተ ሙከራ የሚልክ ፕሮግራም እሷን ሲመርጥ ማንም አልተገረመም። እሷም በልቧ ነጭ ጋዋን ለብሳ ቀዶ ጥገና ክፍል ስትገባ ይታያት ነበር።

የደረሳት ግን ሻጋታ ነው።

ይህንን በስልክ ስትናገር አክስቷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ሻጋታ ለማየት አውሮፕላን? እኛ ቤት ጠፍቶ ነው? ትናንት እንኳ አንድ ሙሉ ዳቦ ጣልኩ!»

ሥራዋ ክዳን ባላቸው ትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ላይ ሻጋታ መዝራትና በየጠዋቱ ስፋቱን በማስመሪያ መለካት ነበር። አንድ ቀን ከሳህኖቹ በአንዱ ላይ ሻጋታው በግማሽ ጎኑ ጭራሽ አላደገም። ክው አለች። እጄን ሳልታጠብ አበላሸሁት ብላ ሳህኑን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ልትከት ስትል፣ የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ አንዲት ረጅም ሴት፣ ከኋላዋ ደረሰች።

«ቆይ እስቲ፣ ስጪኝ። ምን የነካው ይመስልሻል?»

«አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እኔም አላውቅም» አለችና ሴትዮዋ ፊቷ በራ። «እንግዲህ እንፈልገዋ!»

ጉጉት ግራ ገባት። በእሷ ትምህርት ቤት አላውቅም ያለ ተማሪ ቆሞ ይቀራል፤ መምህርማ ጭራሽ ሲል ተሰምቶ አያውቅም። ይቺ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ተምራ አለማወቋ ያስደስታታል! ጥፋት ትሥራ ቁም ነገር ሳይለይላት ሙከራውን ደጋገመችው። ባዶው ጎን አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ ክረምቱ አለቀና ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ያቺ ሳህን ግን ከጭንቅላቷ አልወጣ አለች። ለሕክምና የሚያበቃ ውጤት ስታመጣ ቤቱ በደስታ ቀለጠ። እሷ ግን የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ ባዮሎጂ መርጣ መጣች።

«ምን ነካሽ?» አለ አባቷ።

«እንጃ አባዬ።»

«እንጃ ተብሎ ሕክምና ይተዋል?»

እውነቷን ነው፤ ምክንያት ብትፈልግም አላገኘችም። አባቷ ለአንድ ሰሞን «ብዪ» እና «በሩን ዝጊው» ከማለት ያለፈ አላናገራትም። ነጭ ጋዋን የለበሱ የቀድሞ ጓደኞቿን መንገድ ላይ ስታይ፣ ምን ነክቶኝ ነው እያለች ባለችበት ቀጥ የምትልበት ጊዜ ነበር።

አሁን በአንድ የእህል መጋዘን ምርመራ ክፍል ትሠራለች። ከየከረጢቱ ትዘግንና ምን ዓይነት ሻጋታ እንደገባበት በማይክሮስኮፕ ታያለች፤ የተበከለው ለሰው ምግብ እንዳይወጣ ታግዳለች። ይህ ሥራ ከሕክምና ይራቅ ይቅረብ ራሷም አልቆረጠላትም።

በቀደም አባቷ ሳይጠራ ሥራ ቦታዋ መጣ። መርፌና ክር ያደከመውን ዐይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅኖ ወንበሯ ላይ ተደላደለ።

«አባዬ፣ በቃህ፤ ሥራ አለብኝ።»

«ቆይ! ተንቀሳቀሰ።»

«ሻጋታ አይንቀሳቀስም።»

«ተንቀሳቀሰ አልኩሽ እኮ!»

ጎንበስ ብላ ከጎኑ ናሙናው ያለበትን መስታወት ብታይ፣ እውነትም የሆነ ነገር ውልብ ያለ መሰላት። የእሱ ትንፋሽ ይሁን፣ ነቀዝ ይሁን፣ አልገባትም። ደህና አድርጋ ልታይ «እስቲ ፈቀቅ በል» አለችው። ልብስ ሰፊው ግን ከወንበሩ የሚነቃነቅ አልሆነም።