ካርድ የማልጠይቃቸው ተሳፋሪዎች

እስራኤል ውስጥ ከጊቫት ኦልጋ እስከ ሐደራ ኢንዱስትሪ ዞን በሚመላለሰው አውቶቡስ ላይ ሾፌር ሆኜ በጀመርኩበት ቀን፣ አለቃዬ ሹኪ የቲኬት ማሽን አስረከበኝ። ሹኪ ሳድራን ነው፤ ሾፌር ይመድባል፣ ሰዓት ይቆጣጠራል። «ወርኃዊ ካርድ ያለው ሲገባ ካርዱን አይተህ ይቺን አረንጓዴ ቁልፍ ትጫናለህ። ካላየህ አትጫን» አለኝ።

እንዳለኝ አደረግኩ። እስከ ሁለተኛው ፌርማታ ድረስ።

እዚያ ቄሳችን ገቡ። እኔንና ሚስቴን ያጋቡን እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ አፈርኩ። «ኧረ ይተዉ አባ፣ እርስዎን ካርድ ልጠይቅ ነው?» አልኳቸው። መርቀውኝ ተቀመጡ፤ ካርድ ስላላየሁ ቁልፏን አልተጫንኩም። ከኋላቸው የነበሩት አይተው ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ ከሰፈራችን ሰው ካርድ የሚያወጣልኝ ጠፋ። ሁሉም ካርድ እንዳላቸው አውቃለሁ። በሚያውቁት ልጅ ፊት ማውጣቱ ግን ለእነሱም ለእኔም ነውር መሰለን።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄድን። ሁልጊዜ ቀድመው የሚሳፈሩት እትዬ ትርንጎ ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ፋብሪካ እያጸዱ ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ከጀርባዬ ተቀምጠው ፍሬን ስይዝ «ቀስ በል ደስዬ» ይሉኛል፣ ቀስ ብዬም ቢሆን።

አንድ ቀን ሹኪ ቢሮ ጠራኝ። መስመር የምታቅድ ኢንጂነር የተሳፋሪ ቁጥር ያለበት ከማሽኑ የወጣ ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ካቩ ሊዘጋ ነው» አለኝ ሹኪ፤ መስመሩ ማለቱ ነው።

«ጠዋት ጠዋት ባዶ ነው የምትሄደው» አለች ኢንጂነሯ። «ሰው መኪና እየገዛ ነው። መንገዱን እናሰፋለን፤ አንተ የምትዞርበት ቦታ ፓርኪንግ ይሆናል።»

ደሜ ፈላ። «ቆመው የሚሄዱ አሉ እኮ! መንጃ ፈቃድ የሌላት ሴት ፓርኪንጉ ላይ ምን ልታቆም ነው?»

አልተቆጣችም። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። «ካሉ እዚህ ላይ አሳየኝ።»

ማሳየት አቃተኝ። እትዬ ትርንጎ የሉም፣ ቄሱም የሉም። ማሽኑ አልዋሸም፤ አልነገርኩትም። አከበርኳቸው ብዬ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። የአንድ ወር ጊዜ ለመንኳት፤ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ እትዬ ትርንጎን ካርድ ጠየቅኋቸው።

«ምን አጠፋሁ ደስዬ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። በእግር ቢሄዱ ፈረቃው እንደሚያልፋቸው ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ካርዱን አወጡ። «በል ተጫን» አሉኝ።

ቄሱ ከበዱኝ።

«አታውቀኝም?» አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው።

«እኔማ አውቅዎታለሁ አባ። መንገድ የሚያቅዱት ናቸው የማያውቁዎት።»

«ያጋባሁህ እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት። ካርድዎን ካላሳዩኝ ግን አልንቀሳቀስም።»

ከኋላ መኪኖች ጡሩምባ ይነፋሉ። ፊቴን ሳያዩ ካርዱን አሳይተው ገቡ። አልመረቁኝም። ሳምንቱን ሙሉ አልመረቁኝም፣ እኔም ሳምንቱን ሙሉ እየጠየቅሁ ተጫንኩ።

ቅዳሜ፣ በሰንበታችን፣ ከጸሎት በኋላ ቄሱ ነገሩን ከእትዬ ትርንጎ ሰምተው ኖሮ ሕዝቡን አስቀሩት። እኔ ከኋላ ቆሜ መውጫ እፈልግ ነበር።

«ከነገ ጀምሮ ደሴ ሳይጠይቃችሁ ካርዳችሁን አውጡ» አሉ። «ለእኛ ብሎ ነው የተዋረደው፤ ልጁን አታሳፍሩት።»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

በወሩ መጨረሻ ኢንጂነሯ ራሷ ጠዋት ተሳፈረች። መቀመጫ አጥታ እስከ ኢንዱስትሪ ዞን ቆማ ሄደች። የጠዋቱና የማታው ጉዞ ጸና። የቀትሩን ግን ዘጉት፤ ከገበያ ዘምቢል ተሸክመው የሚመለሱ እናቶች በሌላ መስመር ዞረው መግባት ግድ ሆነባቸው። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እትዬ ትርንጎ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያው አውቶቡስ ሄዱ። በመጨረሻው ቀናቸውም ካርዳቸውን ከፍ አድርገው አሳይተውኝ፣ መጫኔን አይተው ነው የተቀመጡት።

አዲስ ሾፌር ሲመጣ አብሬው እየተቀመጥኩ አሠለጥን ነበር። የምለውም አንድ ነበር፦ ከምታከብረው ሰው ጀምረህ ካርድ ጠይቅ። ያልተመዘገበ ተሳፋሪ ነገ አውቶቡስ የለውም።