የሰው ደጅ

ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ባለ ስድስት ፎቅ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ ሊፍት የማይረግጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ፣ እስከ ስድስተኛው ፎቅ በደረጃ ይወጣሉ። በየደጁ ቆም ብለው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። «ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?» ይላሉ፤ ሰው ካለ መልስ ሳይሰሙ ንቅንቅ የለም።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ነርሷ እመቤት አንድ ቀን አላስችል አላት።

«አባባ፣ ሊፍቱ እኮ ይሠራል!»

«ይሥራ! በዚያ ሣጥን ሽው ብዬ ባልፍ ያንቺን ደህንነት ማን ይነግረኛል? የሰው ደጅ በዝምታ የሚያልፍ ሌባ ነው፣ ልጄ።»

እመቤት ሕንፃው ውስጥ ሁለት ዓመት ኖራ የጎረቤቶቿን ድምፅ የለየችው ለእሳቸው ሲመልሱ እየሰማች ነው።

ትናንት፣ ያጠበችውን ልብስ ጣሪያው ላይ ልታሰጣ ስትወጣ፣ ሽማግሌውን ስድስተኛው ፎቅ ላይ ከራሳቸው በር ፊት ቆመው አየቻቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ባርኔጣቸውን አነሱ።

«ቤቶች! እንዴት ዋልሽ?»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ በሩ ጣል አድርገው ቆዩ፤ ቆዩና ፊታቸው ፈካ።

«ተመስገን» አሉና ቁልፉን አዞሩ።