ጫማ ልጠይቅ ሄጄ

ለልጅ ልጄ የትምህርት ቤት ጫማ እንዲሰጡኝ ወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ልጠይቅ ሄጄ፣ ልጅቷን ራሷን ሊወስዱብኝ ተነሡ። በደሉ ይህ ነው። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም የተደረገብኝን ለመጻፍ አያንሰኝም።

የልጅቷ እናት ለሥራ ቤይሩት ከሄደች በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ልጅቷ ከእኔ ጋር ቀረች። እኔ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ያገለገለ ጀሪካን እያጠብኩ እሸጣለሁ፤ ጠዋት ወጥቼ ማታ ነው የምገባው። በግቢያችን ያለነው ሴቶች ሁላችንም ገበያ የምንውል ነን። ስለዚህ የልጆቹን ምሳ በተራ እናበስላለን። ተረኛዋ ገበያ ትቀርና የግቢውን ልጅ ሁሉ ሰብስባ ታበላለች። ሙስሊምም ክርስቲያንም ስላለን በተራው ድስት ሥጋ አይገባም። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች ይሠራል፤ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። የእኔ ተራ ሐሙስ ነው።

ጫማውን ከመስጠታቸው በፊት ቤቴን ልታይ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ የመጣችው ማክሰኞ ነበር፤ ትመጣለች ስለተባልኩ ገበያ አልወጣሁም። መታወቂያዋን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ልጄ የምትሆን ሴት ናት።

«እማማ፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» አለችኝ።

«ከገዛ ቤቴ?»

«ልጆችን ለብቻ ማነጋገር ደንባችን ነው።»

ወጥቼ በሩ ላይ አንድ ጀሪካን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፣ ድምፅ አይደብቅም።

«ምሳ በየቀኑ አያትሽ ይሰጡሻል?»

«አይ።»

«ትናንት ማን ሰጠሽ?»

«እዚህ ጎን ያሉት እትዬ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ሌላዋ እትዬ።»

«ሥጋ ይሰጡሻል?»

«እዚያ ሥጋ የለም።»

በሩን ልገፋ ተነሣሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ብገባ ልጅቷን ታስፈራራታለች ይሉኛል። ባልገባ ደግሞ እያንዳንዷ ቃል እየተመዘገበችብኝ ነው። ልጅቷ አንዲት ውሸት አልተናገረችም። ሴትዮዋ ስትወጣ ስለ ተራችን ላስረዳት ጀመርኩ። «ሌላ ቤት ይጠብቀኛል፣ ቢሮ እንነጋገራለን» ብላኝ ሄደች።

በማግሥቱ ቢሮ ጠሩኝ። ልጅቷ ቋሚ ተንከባካቢ ስለሌላት ለጊዜው ሕፃናት ማቆያ ትገባለች ተባልኩ። ሠራተኛዋ የውሳኔውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርጋ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

«አልፈርምም።»

«እማማ፣ ባይፈርሙም ውሳኔው ይፈጸማል።»

«ታዲያ ፊርማዬ ምን ይሠራልሻል?»

ወረቀቱን ወደ ራሷ መልሳ ሳበችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጠላትዎ አይደለሁም» አለችኝ። «ስለ አንዲት ልጅ ‹ጎረቤት ነው የሚያበላት› ብለውኝ አምኜ ተመለስኩ። በኋላ ያቺው ጎረቤት ልብስ ስታሳጥባት አገኘኋት። እጇ ተላልጦ ነበር። ሁለተኛ አልሳሳትም።»

 የሷም ፍርሃት እውነተኛ ነው። ግን በዚያች ልጅ ምክንያት የእኔ ልጅ ለምን ትሄዳለች?

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አልኳት። «በራችን ላይ ከማስቀመጥ ሌላ ምን አደረግሽኝ? ደግሞ አንድ ነገር መልሽልኝ። ጫማ ልጠይቅ ባልመጣ ኖሮ ትወስጃት ነበር?»

ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች። «አሁን የተያዘው ጉዳይ እሱ አይደለም።»

«ለእኔ እሱ ነው። ነገ በምሳ ሰዓት ነይና እይ። ከዚያ በፊት ልጄን የሚነካ እኔን ረግጦ ነው የሚያልፈው።»

ተነሥታ ከአለቃዋ ጋር በሩን ዘግታ ተነጋገረች። ስትወጣ «እስከ ዓርብ» አለችኝ።

ቤት ስገባ ልጅቷ ነገሩን ከጎረቤት ሰምታ ጠበቀችኝ። «ሥጋ የለም ስላልኩ ነው?»

«አንቺ እውነቱን ነው የተናገርሽው። ነገም ከጠየቁሽ እውነቱን ተናገሪ።» 

ሐሙስ ሴቶቹ ሁሉ ገበያ እንቅር አሉ። እምቢ አልኳቸው። ሁላችንም ተሰልፈን ብታገኘን ለይስሙላ ያሰናዳነው ይመስላታል። ሄዱ። የጎኔ ጎረቤት፣ የወሎዋ፣ ብቻ ቀረች። «እኔ ዛሬ ወገቤን አሞኛል» አለች፤ ወገቧን አሟት አያውቅም።

ልጆቹ መጡ፣ እጃቸውን ታጠቡ። ሴትዮዋ ግን የለችም። ትሪው ሊያልቅ ሲል ከአለቃዋ ጋር በግቢው በር ገባች።

«ይህ ሁሉ ልጅ የማን ነው?» አለ አለቃው።

«ዛሬ የእትዬ ነው፣ ሰኞ የእኔ» አለችው ጎረቤቴ። «ድስቱንም ውሰዱት እንጂ፤ እሱም ቋሚ ተንከባካቢ የለውም።»

ልጆቹ ሳቁ። አለቃው ከንፈሩን ነከሰ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ልጆቹን አንድ በአንድ ለብቻ እየጠራች ጠየቀች፤ ማን እንዳበላቸው፣ ማን እንደሚያጥባቸው፣ ሲያማቸው ማን ይዟቸው እንደሚሄድ። እጃቸውንም እየገለበጠች አየች። እኔ ድስቱን ይዤ ቆሜያለሁ። የእኔን ልጅ መጨረሻ ጠራቻት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም።

ስትመለስ «እዚሁ ትቆያለች» አለች።

ጎረቤቴ እልልታ ልትጀምር ስትል ክንዷን ያዝኳት። «ጥያቄዬ አልተመለሰም።»

«እማማ፣ ልጅዎ ቀረችልዎት እኮ!» አለኝ አለቃው። «ሌላ ምን ፈለጉ?»

«መልሱን። ጫማ ባልጠይቅ ኖሮ ትወስጃት ነበር?»

ሴትዮዋ የልጅቷን እግር አየች። ጫማው ፊቱ ተቀዶ አውራ ጣቷ ብቅ ብሏል። 

«አንወስዳትም ነበር» አለችኝ። «ቤትዎን የት አውቀነው?»