ከመኪና የማይወርደው አስጎብኚ

ምንዳዬ አሜሪካ ውስጥ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች መንገዶች ላይ በመኪናው ሰው ሲያመላልስ ዓመታት አልፈውታል። ከአዲስ አበባ እንግዳ መጣ ከተባለ ደግሞ አስጎብኚው እሱ ነው፤ ማንም አልሾመውም፣ ራሱን በራሱ ነው የሾመው። እንግዳውን ከኤርፖርት ተቀብሎ ሻንጣው እንኳ ሳይራገፍ ከተማውን ያዞረዋል። "በቀኝህ ስቴዲየሙ! በግራህ ወንዙ! ሚሲሲፒ ሚሲሲፒ የሚሉት ይሄ ነው፣ አየኸው? በቃ አለፈህ!" ይላል፣ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው እየጠቆመ። ድምፁ ኳስ ከሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ አይተናነስም። የአንዱን ሕንፃ ፎቅ ብዛት ከተጠየቀና ካላወቀው ደግሞ ከራሱ ጨመር አድርጎ ይናገራል። ማን ወርዶ ሊቆጥር!

አዎ፣ ማንም አይወርድም፤ የምንዳዬ ጉድ እዚህ ላይ ነው። መኪና ማቆም የሚባል ነገር ያንገሸግሸዋል። ቦታ ፍለጋ መዞሩ፣ የመክፈያውን ማሽን መነካካቱ፣ "ከዚህ እስከዚያ ክልክል ነው" የሚለውን ምልክት ማንበቡ... "ምን አስወረደህ፣ ከዚህ ሆነህ ይታይሃል እኮ!" እያለ ስንቱን የሐይቅ ዳር ሽርሽር በመስኮት ጨርሶታል።

እናቱ ወይዘሮ ብርነሽ ግን እንደሌላው እንግዳ አልሆኑለትም። ከፋሲካ በኋላ መጥተው ከከተማው ወጣ ብሎ አፕል ቫሊ ካለው እሱ ቤት ሲከርሙ በየቅዳሜው አዙሯቸዋል። ካቴድራሉን ሲያሳያቸው "ጥሩ ነው"፤ ሌክ ስትሪት የሚባለውን ጎዳና ከዳር እስከ ዳር ሲወስዳቸው "ጥሩ ነው"። አንድ መናፈሻ ውስጥ ለጌጥ የቆመውን፣ ጫፉ ላይ ቀይ ፍሬ የተቀመጠበትን፣ ቤት የሚያክል የብረት ማንኪያ ሲያዩ ብቻ "ማን ሊጎርስበት ነው?" ብለው ነበር። መሄጃቸው ሲደርስ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ቁርስ ላይ ቁርጡን ነገሩት።

"ልጄ፣ ዓይናችሁን አይቻለሁ፣ ተመስገን። ከእንግዲህ ግን እናንተ ኑ እንጂ እኔ አልመለስም። መኪና ላይ ለመቀመጥማ እዚያም ታክሲ አለ።"

ምንዳዬ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። እናቱ ቤት ውስጥ ሲንጎራደዱ መስማት ለምዶ ነበር፤ ይሄ የመጨረሻው ነው ብሎ አስቦ አያውቅም። እሱ ሲጨንቀው የሚጮህ ሰው ነውና ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

"ያላየሽው አንድ ቦታ አለ! ተነሺ እማዬ! ሮዳስ፣ ጫማሽን!"

የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ሮዳስ ጠረጠረች። "ዳድ፣ ፎር ሪል? የእውነት እንወርዳለን?"

"እንወርዳለን!" አለ፤ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱም ደነገጠ።

የሄዱት ከተማው ውስጥ ወዳለው፣ ሚኔሃሃ ወደሚባለው ፏፏቴ ነው። ቀኑ ብራ፣ ሰዉ እንደ ጉድ፣ መኪና ማቆሚያውም ጢም ያለ ነበር። ምንዳዬ አንዴ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፤ የድሮው አመሉ "ከዚህም ይታያል በላቸው" እያለ ይጎተጉተው ጀመር። ወይዘሮ ብርነሽ ግን መስኮቱን አውርደው ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል።

"ይሄ የሚያጓራው ምንድነው?"

"ሚኔሃሃ ነው፣ እማማ" አለች ሮዳስ።

"ምን ውሃ?"

"ሚኔሃሃ!"

"እኮ፣ ውሃ መሆኑንማ ሰማሁ! ምን ውሃ እንደሆነ ነው የምጠይቅሽ!"

ሮዳስ በሳቅ ልትፈነዳ ሆነ። በዚህ መሃል ሰዎች ከታች በደረጃው እየወጡ በመኪናው ፊት ማለፍ ጀመሩ። ሁሉም በስብሰዋል። አንዱ ጫማውን በእጁ ይዟል፤ አንዷ ፀጉሩ የሚንጠባጠብ ሕፃን አቅፋለች፤ አንድ ሽማግሌ ፎጣ ተከናንበዋል፤ ፊታቸውም ሁሉ ፈክቷል። ወይዘሮ ብርነሽ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

"አንተ! ጠበል እያለ ነው እስካሁን ሕንፃ የምታሳየኝ?"

ምንዳዬ እግረኛ ለማሳለፍ ቆሞ ስለነበር በሩን ከፈቱና ወረዱ። ሮዳስም ተከትላቸው ዘለለች። "እማዬ! ቆይ ፓርክ ላድርግ!" ቢል ማን ሰምቶት። አንድ መኪና ሲወጣ ጠብቆ መኪናውን አጋድሞ አቆመና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምልክቱን ሳያነብ ሮጠ።

ከደረጃው ታች ሲደርስ እናቱ ጫማቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ውሃው ዳር ቆመዋል። ፏፏቴው ከላይ እየተንደረደረ ይወርዳል፤ ብናኙ ፊት ላይ ይረጫል። ለሁሉም "ጥሩ ነው" የሚሉት እናቱ እንደ ልጅ እየተቁነጠነጡ ነበር።

"የማን ነው?" አሉት ገና ሲያዩት። "የሚካኤል ነው የማርያም?"

ምንዳዬ ትንፋሹ ተቆርጧል። "የሚካኤል" ቢል አለቀ፤ በየዓመቱ ይመጣሉ። ለሕንፃ ፎቅ ሲጨምር የኖረ ሰው ለውሃ ታቦት መጨመር ምን ይከብደዋል? አፉን ከፈተ። ሮዳስ ቀና ብላ ታየዋለች። የእናቱ ፊት ደግሞ ረጥቦ፣ አምኖት ይጠብቀዋል። አልቻለም።

"የማንም አይደለም እማዬ" አለ ድምፁ ሰልሎ። "ጠበል አይደለም። ዝም ብሎ ወንዝ ነው።"

ወይዘሮ ብርነሽ በእጃቸው የያዙትን ጫማ አዩት። ምንዳዬ በቃ፣ አሁን ተጫምተው ወደ መኪናው እንሂድ ሊሉኝ ነው ብሎ አንገቱን ደፋ።

"እና ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሆኖ ነው የሚበሰብሰው?"

"ደስ ብሎት ነው።"

"ሳይታመም?"

"ሳይታመም።"

"ወይ ጉድ!" ብለው ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ ከልጅነቱ ወዲህ ሰምቷቸው አያውቅም። ጎንበስ አሉና ውሃውን በእፍኛቸው ዝቀው ፊቱ ላይ ቸለሱት። ሮዳስ ጮኸች፤ ለእሷም ደረሳት። አጠገባቸው የነበሩ የማያውቋቸው የፈረንጅ ልጆች "ሚ! ሚ!"፣ እኔንም እኔንም እያሉ ሲጠጉ ለእነሱም አዳረሱ። ምንዳዬ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ ጫማው ውሃ ሞልቶ፣ እንደ እብድ ይስቅ ነበር።

"ኧረ ይቀዘቅዛል!" አሉ ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን እየጨመቁ። "የዛሬ ዓመት ስመጣ ቅያሪ ልብስ ይዤ ነው።"

ምንዳዬ ፊቱን ወደ ፏፏቴው አዞረ።